«ደክማለች» አይበቃም፦ ከአስታማሚ ወንበር የተጻፈ

ባለፈው ክረምት አያቴ ስትታመም ቤተሰብ ተሰበሰበና «ማን ያስታምማት?» ተባለ። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ወንድሜ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ፈቃድ ቢጠይቅም አያገኝም። እህቴ አራስ ናት። አጎቴ ዘጌ ቤቱንና ቡናውን ጥሎ ሊከርም አይችልም። እኔ በኢኮኖሚክስ ከተመረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ቢሮ የለኝም፣ አለቃ የለኝም፣ ቤት ተቀምጬ እጽፋለሁ። «አንቺማ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ እዚያም ሆነሽ ትጽፊያለሽ» አለችኝ አክስቴ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን የአንድ ውሳኔ ዋጋ የሚለካው በእሱ ምክንያት በምንተወው ሌላ ነገር ነው ተብለን ተምረናል። የቤተሰቡ ጉባኤ የእኔን ጊዜ ዜሮ ብር ብሎ መዝግቦታል ማለት ነው። ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ስጽፈው ግን የሚያስገርመኝ ሌላው ነገር ነው፦ እኔን ጨምሮ ሁላችንም ማስታመም ማለት አጠገብ መቀመጥ ይመስለን ነበር። ጊዜና አንጀት ያለው ሰው ሁሉ የሚችለው፣ እውቀት የማይጠይቅ ሥራ።

ነገሩ የጀመረው ዘጌ ነው። አያቴ ጠዋት ቡና እየቆላች ሳለ ግራ እጇ አልታዘዝ አላት፣ መቁያው ወደቀ፣ ፊቷ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ንግግሯ ተንተባተበ። «ንፋስ መቷት ነው» ተባለ። ጋቢ ተደረበላት፣ እግሯ ታሸ፣ ጠበል ተረጨች፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። ባሕር ዳር የገባችው በማግስቱ በጀልባ ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ሰዓት ላይ ጀመራት?» የሚል ነበር፤ እኛ የመለስነው በሰዓት ሳይሆን በቀን ነው።

ስትሮክ የሚባለው ወይ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲደፈን ወይ ደግሞ ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። የተደፈነውን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ እሱም የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነስቶ ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ መጀመሪያ ሰዓት ይታያል፣ ቀጥሎ መንገድ ይጀመራል። እኛ ይህን የሰማነው አልጋ ከያዝን በኋላ ነው።

ሆስፒታሉን አልጠራውም። ከሌላው የተለየ ስላልሆነ መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም። ክፍሉ ውስጥ ስምንት አልጋ፣ ከእያንዳንዱ አልጋ ሥር ደግሞ ካርቶን ወይም ሰሌን ዘርግቶ የሚተኛ አንድ አስታማሚ አለ። ሌሊት ሁለት ነርሶች ከሠላሳ በላይ ታካሚ ይጠብቃሉ። መርፌውን፣ ግሉኮሱን፣ መዝገቡን እነሱ ይሠራሉ። ማጠቡ፣ ማብላቱ፣ ማገላበጡ፣ ፖፖ ማቅረቡ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ መምጣቱ የአስታማሚ ነው። በር ላይ ካርድ ሰጥተው ያስገቡናል፤ ካርዱ ላይ «አስታማሚ» ይላል። ለዚህ ሥራ ግን አንድ ቃል የነገረን ሰው አልነበረም። ለባጃጅ እንኳ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል እኮ!

ሐምሌ 15 ቀን አመሻሽ ላይ አያቴን ልገድላት ነበር።

ሐኪሙ ለስላሳ ነገር በትንሽ በትንሹ እንድትቀምስ ፈቅዶ ነበር። አክስቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ቀጠን ያለ፣ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ «እንዳይከብዳት» ተብሎ የተሠራ። እኔም አንድ ትራስ ከአንገቷ ሥር አድርጌ፣ እንደተጋደመች፣ በኩባያ አስጠጋኋት። ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። በሦስተኛው ትን አላት። ሳል ያዛት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ከንፈሯ ተለወጠ። አክስቴ ጀርባዋን ትመታለች፣ እኔ ኩባያ ይዤ ቆሜያለሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለቀቃት፤ እኛም «ተመስገን፣ አለፈ» ብለን ተቀመጥን። አላለፈም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጡረታቸው የተቃረበ አንዲት ሲስተር ገቡ። (እግረ መንገዴን፦ በክፍሉ ያለን ሰዎች ሴቷን ነርስ «ሲስተር»፣ ወንዱን ነርስ ግን «ዶክተር» ነው የምንለው። ወንዶቹም ማረም የሰለቻቸው ይመስላሉ።) የሆነውን ስነግራቸው አልተቆጡም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ጉሮሮሽን ያዢ፣ አሁን ምራቅሽን ዋጪ» አሉኝ። ማንቁርቴ ከፍ ብሎ ወረደ። «አየሽ? በዚያች ቅጽበት የአየሩ በር ይዘጋል፣ የምግቡ ይከፈታል። የእሷ በር ጠባቂ ደንግጧል። ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው። አንቺ ደግሞ ጎርፍ ላክሽበት።»

ከዚያ ያሳዩኝን ነገር ማንም በቤቱ ስትሮክ ያለበት ሰው ሊያውቀው ይገባል ብዬ ስለማምን ዘርዘር አደርገዋለሁ። በሽተኛው ሲበላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቀና ብሎ መዋጥ የአየር ቧንቧውን ይከፍተዋል። ማንኪያው ትንሽ፣ ያውም ግማሽ ይሆናል፤ የሚገባው ደኅና በሆነው የአፍ ጎን ነው። ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ሲወርድ ሳናይ ሁለተኛ ማንኪያ የለም። ሲውጥ «እ» በል ይባላል፤ ድምፁ ውሃ እንደያዘ ጉሮሮ ከተንቦጫረቀ ማቆም ነው። ሲጨርስ ጉንጩ ውስጥ የተቀረቀረ ምግብ ይፈለጋል፣ አፉ ይጸዳል፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሳይጋደም ይቆያል። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፦ ከሁሉም አደገኛው ውሃ ነው። ቀጭን ነገር ይሮጣል፤ በማንኪያ የሚያዝ ወፈር ያለ አጥሚት ግን ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለደከመው ጉሮሮ ጊዜ ይሰጠዋል። አክስቴ በፍቅር ያቀጠነችው አጥሚት መወፈር ነበረበት። የዓሣ ሾርባውም እንዲሁ፤ ባሕር ዳር ለታመመ ሰው ቶሎ የሚታሰበው እሱ ነውና።

ሲስተር ከመውጣታቸው በፊት አያቴን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብለው ጠየቋት። ዝም። «ወሩስ?» ዝም። እኔ ጭንቅላቷ ተነክቷል ብዬ ልቤ ወደቀ። ሲስተር ግን ጥያቄውን ቀየሩት። «እማማ፣ ዛሬ የማን ቀን ነው?» አያቴ በተጣመመው አፏ «ኪዳነ ምሕረት» አለች። ሐምሌ 16 ነበር። «ጭንቅላቷ ደኅና ነው» አሉኝ፤ «ጥያቄያችን ነው የታመመው።» ሰው ራሱን ማወቁን፣ ያለበትን ቦታና ጊዜ መለየቱን መመርመር የነርስ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ታካሚው ነቅቷል? ሲጠራ ብቻ ነው የሚነቃው? ሲቆነጠጥ ብቻ ነው? ወይስ ምንም አይመልስም? እነዚህ አራት ደረጃዎች ያለ ምንም መሣሪያ ይታወቃሉ። ዋናው ነገር ዛሬ ያለበትን ከትናንቱ ጋር ማወዳደር ነው።

ያን ቀን ከሱቅ የ32 ገጽ ደብተር ገዛሁ። ሠንጠረዥ መሥራት ከኢኮኖሚክስ የተረፈችኝ ብቸኛ ሙያ ናት መሰለኝ።

መጀመሪያ ትንፋሽ። ጤነኛ አዋቂ ሰው ሳይደክመው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ደረት ወይም ሆድ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፣ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። ሲስተር አንድ ብልሃት ነገሩኝ፦ ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን የሰማ ሰው አተነፋፈሱ ይለወጣል። ስለዚህ የእጁን ምት የምትቆጥሪ መስለሽ አንጓውን ትይዣለሽ፣ ዓይንሽ ግን ጋቢው ላይ ይሆናል። የእጅ ምቱ በአውራ ጣት አይቆጠርም፤ አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው የራስን ቆጥሮ መነሳት ይመጣል። ሌባ ጣትና መሐል ጣት ናቸው የሚያገለግሉት። ከ60 እስከ 100 ድረስ ደኅና ነው። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ምቱ እኩል መራመዱም ይታያል፤ ዝብርቅርቅ ያለ ምት ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግና ሌላ ስትሮክ ሊጠራ ይችላል። ሙቀቱ በቴርሞሜትር ነው እንጂ በእጅ ጀርባ አይሆንም። እጄ ከውጭ ቀዝቅዞ ሲመጣ ሁሉም ሰው ትኩሳት ያለበት ይመስለኛል። አረጋውያን ላይ ደግሞ ከባድ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ስለሚችል ቴርሞሜትሩ ዝም አለ ተብሎ አይተኛም።

ሽንትም ይለካል። ስሌቱን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፦ በኪሎ በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር። አያቴ 50 ኪሎ ገደማ ትሆናለች፤ ስለዚህ በሰዓት 25 ሚሊ፣ በቀን 600 ሚሊ። የአንድ ትንሽ ሃይላንድ ያህል ማለት ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ወይ ውሃ አንሷታል ወይ ሌላ ነገር አለ። የሽንት ቱቦ ከረጢቱ ላይ መስመሮቹ አሉ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሳፈሰው አንድ ጊዜ እንኳ አላየኋቸውም ነበር።

ስለ ቆዳ ደግሞ ጊዜ ወስጄ ላውራ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው አጥንት ወጣ ባለበት ቦታ ሁሉ፣ ጭራ አጥንቱ፣ ዳሌው፣ ተረከዙ፣ ክርኑ፣ የጭንቅላቱ ጀርባ ጋ፣ በፍራሹና በአጥንቱ መሐል ያለው ሥጋ ደም ያጣል። በሰዓታት ውስጥ ቁስል ይጀምራል። ለዚህ ነው በየሁለት ሰዓቱ የሚገላበጠው። ሲስተር በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ሰዓት ሣሉልኝ፦ 12 ሰዓት ቀኝ፣ 2 ሰዓት ጀርባ፣ 4 ሰዓት ግራ፣ እያለ ይዞራል። ስትዞር ሙሉ በሙሉ በጎኗ አትቆምም፤ ትራስ ከጀርባዋ ገብቶ ትንሽ ጋደል ትላለች። ከባቷ ሥር ትራስ ይገባና ተረከዟ ፍራሹን ሳይነካ አየር ላይ ይውላል። ስትነሳ አትጎተትም፤ አንሶላውን ለሁለት ይዘን ከፍ አድርገን ነው የምናዛውራት። አክስቴ ጀርባዋን በቅባት ማሸት ፈልጋ ነበር። ሲስተር ከለከሉ፤ የተጎዳ ቆዳ ሲታሽ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይብስበታል።

የሚያናድደው ግን ምንድን ነው? ስልኬ ላይ የማነበው መመሪያ ሁሉ «የቀላ ቦታ ፈልጉ፣ በጣት ተጫኑት፣ ካልነጣ አደጋ ነው» ይላል። አያቴ ጠይም ናት። እኔ አራት ቀን ቀይ ስፈልግ ነበር! በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ አይታይም። የሚታየው ከአካባቢው ይልቅ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ማለት ነው፤ ከመታየቱም በፊት በእጅ ይታወቃል፦ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳል፣ ሲነካ ያማል። ሲስተር የእጄን ጀርባ ወስደው ጭራ አጥንቷ ላይ፣ ቀጥሎ ጎኗ ላይ አሳረፉት። ልዩነቱ ወዲያው ገባኝ። አየር ሲያጥርም እንዲሁ ነው፤ የቆዳ መጥቆርን መጠበቅ ሳይሆን ምላስን፣ ድድንና የከንፈር ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ደም ማነስ የሚታየው በዓይን ሽፋን ውስጥና በመዳፍ ነው። ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አሳይቷል። ታዲያ እኛ አገር የሚለጠፈው መመሪያ ለማን ቆዳ የተጻፈ ነው?

ወደ ሐምሌ 19 ሌሊት ልመለስ። ከውጭ የገብርኤል ማኅሌት በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ላገላብጣት ስነሳ ትንፋሿ ልክ አልመሰለኝም። ቆጠርኩ፤ 30። በስልኬ መብራት ደብተሬን አየሁ፦ በ17 ማታ 18፣ በ18 ጠዋት 20፣ በ18 ማታ 24። ምቷ 112። «እምዬ፣ ዛሬ የማን ቀን ነው?» አልኳት። ሐምሌ ገብርኤልን የማታውቅ አያት የለችም፤ ደግሞ ማኅሌቱ ከውጭ ይሰማል። እሷ ግን በሞተችው እህቷ ስም ጠራችኝ።

ባለፉት ሌሊቶች ሁለት ጊዜ ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሄጄ «እባክሽ ሲስተር፣ ደክማለች» ብዬ ነበር። «እሺ እመጣለሁ» ይባላል። አልፈርድም፤ በዚያ ክፍል ያልደከመ ሰው የለም፣ ነርሷን ጨምሮ። በዚህ ሌሊት ግን ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። «አልጋ ቁጥር 5፣ ትንፋሿ ትናንት ጠዋት 20 ነበር፣ አሁን 30 ነው። ምቷ 112። ማታ ታውቀኝ ነበር፣ አሁን አታውቀኝም። በ15 ትን ብሏት ነበር።» ወጣቷ ነርስ የያዘችውን መዝገብ አስቀምጣ ተከተለችኝ። ኦክስጅን ተደረገላት፣ ተረኛ ሐኪም ተጠራ፣ ሲነጋ ራጅ ተነሳች። አጥሚቱ ሳንባዋ ገብቶ የሳንባ ምች ሆኗል። አንቲባዮቲክ ሌሊቱኑ ነበር የተጀመረላት።

ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ተመሳሳይ ሰው፣ ተመሳሳይ ነርስ፣ ተመሳሳይ የሥራ ጫና። የተለየው የተናገርኩት ነገር ብቻ ነው። «ደክማለች» ስሜት ነው፤ ለሁሉም እኩል ይነገራል፣ ስለዚህ ማንንም ከማንም አይለይም። ከ20 ወደ 30 ግን ወረፋ ያስለቅቃል። በሙያችን ቋንቋ ነርሷ ያጣችው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ጊዜዋን የት እንደምታውል የሚነግራት መረጃ ነው፤ መረጃው ደግሞ አልጋው ሥር ካርቶን ላይ ተኝቷል።

አጠገባችን ያለውን አልጋ የሚያስታምም ከአቸፈር የመጣ ልጅ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱን። የመድኃኒት ወረቀቱ ላይ «በየ8 ሰዓቱ» ይላል፤ እሱ ደግሞ በየቀኑ ልክ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ፍሬ ይሰጠዋል። በቀን አንድ። ተጠንቅቆ፣ ሰዓት አክብሮ። ሳየው እንዴት እንደምነግረው ጨነቀኝ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለማ። ለሲስተር ነገርኳቸውና ወረቀቱ ላይ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ ሌሊት 4 ሰዓት ብለው ጻፉለት። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ መቁጠርን ከእኔ ተማረ። ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ሆነ፤ ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ ስልክም የለው።

ነርስነት እኛ አገር የተናቀ ታሪክ ያለው ሙያ አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ የተማረችው ነርስነት ነው። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ነቀምት ስታርፍ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበረች፤ በስሟም አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል ተሠራ። ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ጎንደር አለ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የደንቢያን ሜዳ ወባ ከፈጀው በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ሐሳቡም ሐኪም እስኪበዛ ከመጠበቅ ይልቅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽህና ባለሙያ በቡድን አሰልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የዚያው ዘመድ ነው። ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሰልጥነው ቤት ለቤት ሄዱ፤ ሽንት ቤት መቆፈር፣ ክትባት፣ አጎበር ለቤተሰብ አስተማሩ፣ ቤተሰብም ተማረ። ማለትም ያልተማረ ሰው አይችልም የሚለው ነገር እዚሁ አገር በተግባር ፈርሷል። ለአልጋ ቁራኛ ግን ያን ያህል ትኩረት አልደረሰም። ትምህርቱ በብዛት ያተኮረው በእናቶችና ሕፃናት፣ በንጽህናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ደም ግፊት፣ ስኳርና ስትሮክ በየቤቱ ገብተዋል።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ ሰውን በመንከባከብና በቤት ሥራ እንደሚያልፍ፣ ከዚህም ከአራት እጅ ሦስቱን ሴቶች እንደሚሠሩት አስፍሯል። ሁለት ቢሊዮን ሰው በቀን ስምንት ሰዓት በነፃ እንደሚሠራ ቁጠሩት። ከአገራዊ ምርት ስሌት ውስጥ አይገባም። የእኛ ክፍል ስምንቱ አስታማሚዎችም የሉበትም።

ባሕር ዳር ነርስ የሚያሰለጥን ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ጥበበ ግዮንን የመሰለ ማስተማሪያ ሆስፒታልም አላት። እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው። ተመራቂ ተማሪዎች በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት አዲስ የገቡ አስታማሚዎችን ኮሪደር ላይ ሰብስበው አራት ነገር ቢያሳዩ ምን ይከብዳል? ማብላት፣ ማገላበጥ፣ ትንፋሽ መቁጠር፣ እጅ መታጠብ። ካርዱን የምንቀበለው ያን ከተማርን በኋላ ይሁን። በጀት አይጠይቅም ልል ነበር፤ ግን የተማሪም ጊዜ ዜሮ ዋጋ የለውም፣ ራሴ ተናግሬያለሁና። ቢሆንም ከአንድ የሳንባ ምች አንቲባዮቲክ፣ ኦክስጅንና ተጨማሪ አሥር የአልጋ ቀን ይረክሳል።

ስለ ጠበሉ ሳልናገር ባልፍ ዘመዶቼ ይታዘቡኛል። ትን ካላት በኋላ በአፍ ውሃ ሲከለከል አጎቴ ከዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ጠበል በጠርሙስ ይዞ ደረሰ። «ጠበል አይከለከልም» አለ፣ እኔም መሐል ገብቼ ተጨነቅሁ። ሲስተር ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ንጹሕ ጨርቅ ጫፉን ነክረው ግንባሯን፣ ፊቷንና የደረቀ ከንፈሯን አበሱላት። «ይኸው ተጠመቀች፤ መጠጣቱን ጉሮሮዋ ሲፈቅድ» አሉት። አጎቴ ዝም አለ፣ ደስም አለው። ኋላ ሳነብ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን የተባለችው አሜሪካዊት ነርስ የሰውን ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች በ14 ከፍላ ስትዘረዝር ከመተንፈስ፣ ከመብላት፣ ከመተኛትና ከመልበስ ተከትሎ 11ኛው እንደ እምነት ማምለክ መሆኑን አየሁ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ የተናገሩት ነገርም ትዝ አለኝ። ሲስተር ሁለቱንም አልጠቀሱም፤ ጨርቁን ነከሩ እንጂ።

ከሆስፒታል የወጣነው በነሐሴ አጋማሽ ነው። ጭራ አጥንቷ ላይ ቁስል የለም፤ በዚህ ከምረቃዬ በላይ እኮራለሁ። አሁን ዘጌ ናት። ግራ እጇ ገና ነው፣ በከዘራና በሰው ድጋፍ ግን እስከ በር ትደርሳለች። የአጎቴ ልጅ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ሌሊት የማገላበጡ ተራ የእሱ ነው። ወንድሜም ከባንክ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ እየሄደ አጥሚት ያበላል፣ በማንኪያ፣ ወፈር ያለውን።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና አንጓዋን ያዝኩ። ዓይኔ ጋቢዋ ላይ ነበር፤ 17። ከዚያ እንደ ልማዴ «እምዬ፣ ዛሬ የማን ቀን ነው?» አልኳት። በጎን አየችኝ። «አንቺስ ታውቂዋለሽ?» አለች። ስልኬን ማውጣት ነበረብኝ።